ፎሙ የት ሄደ? ስለ ፕላስቲክ መሟሟት ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ ፕላስቲክ በፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ ምን እንደሚሆን ለማስረዳት ይሞክራል። መነሻው አጭር ቪዲዮ ነው። ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም አሴቶን (ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚውል ፈሳሽ) በፈሰሰበት ሳህን ላይ ሲቀመጥ አረፋ እየደፈቀ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ክንድ የሚያህለው ፎም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከዓይን ይሰወራል። ጸሐፊው ይህን ይዘው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ አሟሚው (የሚያሟሟው ፈሳሽ) ፕላስቲኩን አፍርሶ ወደ ተሠራበት ኬሚካል ይመልሰዋል። ሁለተኛ፣ የፕላስቲክ መሟሟት ከስኳር መሟሟት የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ ስለሆነ፣ በቂ ጊዜና በቂ ሙቀት እስካገኘ ድረስ የማይሟሟ ፕላስቲክ የለም። ሦስተኛ፣ «ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል» የሚለው ሕግ የትኛው ፕላስቲክ በየትኛው ፈሳሽ እንደሚሟሟ ለመለየት ይበቃል። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የፕላስቲክ ቆሻሻውን በአሟሚ እያሟሟ ቢያስወግድ የከተማው የቆሻሻ ችግር ይቃለላል። አምስተኛ፣ ዕቃው በያዘው ፈሳሽ ካልሟሟ ፈሳሹ አልነካውም ማለት ነው፤ ስለዚህ አጥቦ ለሌላ አገልግሎት ማዋል ይቻላል።

ጽሑፉ በጎ ጎን የለውም ማለት አይቻልም። አሴቶን በቀላሉ በእሳት እንደሚያያዝና በተዘጋ ክፍል ውስጥ መተንፈስ እንደማይገባ ማስጠንቀቃቸው ተገቢ ነው፤ ቲነር ወይም ቤንዚን በስስ የፕላስቲክ ብርጭቆ የሚቀዳ ሰው ብርጭቆው እጁ ላይ ሊረግፍ እንደሚችል መጻፋቸውም እውነት ነው። ስለ ኬሚስትሪ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በጠፋበት ጊዜ ደፍረው መጻፋቸው ራሱ ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ አምስቱም መደምደሚያዎች ፖሊመርን (እንደ ፕላስቲክ ያለውን፣ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራውን ነገር) እንደ ማንኛውም ትንሽ ሞለኪውል ከመቁጠር የመነጩ ናቸው፤ የመጨረሻው ደግሞ ሰውን ሊጎዳ የሚችል ነው።

ከቪዲዮው እንጀምር። ከዓይን የተሰወረው በአብዛኛው አየር ነው። ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ በጋዝ ተነፍቶ የተሠራ ሲሆን፣ ከመጠኑ ከመቶ ከ95 እጅ በላይ የሚሆነው ባዶ ነው። የዕቃ ማሸጊያ ፎም አንድ ሊትር የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ግራም ይመዝናል፤ አየር የሌለበት ጠጣር ፖሊስታይሪን አንድ ሊትር ግን ወደ 1050 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ሊትር ፎም አየሩ ሲወጣለት ከ30 ሚሊ ሊትር ያነሰ ቦታ ቢይዝ ተአምር አይደለም። አሴቶኑ ያደረገው የአረፋዎቹን ስስ ግድግዳ ማለስለስ ነው፤ ግድግዳው ሲለሰልስ ጋዙ አመለጠ፣ ፎሙም ተኮማተረ።

ቪዲዮው ከቆመበት ትንሽ ቢቀጥል ኖሮ ሳህኑ ሥር የሚለጠጥ ነጭ ጭቃ ይታይ ነበር። ጭቃው በእንጨት ሲነሳ ክር እየሠራ ይጎተታል፤ ለአንድ ሁለት ቀን አየር ላይ ከተተወ አሴቶኑ ተንኖ ይደርቅና መልሶ ጠጣር ፕላስቲክ ይሆናል። ጸሐፊው እንዳሉት ፕላስቲኩ ወደ ተሠራበት ስታይሪን ተመልሶ ቢሆን ኖሮ እንደ ውሃ የቀጠነ፣ የሚሰነፍጥ ሽታ ያለው፣ በ145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ፈሳሽ እናገኝ ነበር። ያንን ለማግኘት የካርቦንን ከካርቦን ጋር ያለ ትስስር መበጠስ ያስፈልጋል፤ ይህም አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት የሚጠይቅ ሥራ እንጂ የአንድ ሳህን አሴቶን አቅም አይደለም።

ጉዳዩ በሳይንስ ታሪክ ውስጥም ያከራከረ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ኬሚስቶች ጎማንና ሴሉሎስን የመሳሰሉ ነገሮች በደካማ ኃይል የተሰባሰቡ የትናንሽ ሞለኪውሎች ክምችት ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ጀርመናዊው ኸርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ እነዚህ በእውነተኛ ኬሚካላዊ ትስስር የተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው ብሎ ተከራከረ። የጎማውን ድርብ ትስስሮች በሃይድሮጅን ሞልቶ፣ «ክምችቱን የያዘው ኃይል ከእነዚህ ትስስሮች የሚመነጭ ነው» ይባል የነበረው ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ መበታተን የነበረበት ጎማ ሲሟሟ የቀድሞ ጠባዩን እንደያዘ አሳየ። በ1953 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ መስክ በሠራው ሥራ ነው። ዛሬም የፖሊመር ሞለኪውላዊ ክብደት የሚለካው በአብዛኛው ፖሊመሩን አሟሙቶ ነው፤ አሟሚው ሰንሰለቱን የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ ይህ ልኬት ትርጉም አይኖረውም ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ያላስተዋሉት አንድ ነገር ይጨመራል። በፎም ውስጥ ያለው ረጅም ሰንሰለት ፖሊስታይሪን በአሴቶን ውስጥ በወጉ አይሟሟም። ሳህኑ ለጥቂት ጊዜ ሳይነካ ቢቀመጥ ከሥር አሴቶን የጠጣ ወፍራም ጭቃ፣ ከላይ ጥቂት ፕላስቲክ ብቻ የያዘ ቀጭን አሴቶን ሆኖ ይለያያል። ቶሉይን ወይም ኢትይል አሲቴት የተባለው አሟሚ ግን ያንኑ ፎም ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ ጥርት ያለ ፈሳሽ ያደርገዋል። እንግዲህ ጽሑፉ በሙሉ የቆመበት የመሟሟት ምሳሌ በትክክል የመሟሟት ምሳሌ አይደለም።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ያደርሰናል። ስኳር ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክሪስታሉ ገጽ ላይ ሞለኪውል በሞለኪውል እየተነሳ ይሄዳል። የፖሊመር ሞለኪውል ግን በሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች የተያያዙበት ሰንሰለት ስለሆነና ከጎረቤቶቹ ጋር እንደ ተዘበራረቀ ፈትል ስለተጠላለፈ፣ አንዱ ጫፉ በአሟሚ ቢከበብም ሌላው አካሉ ውስጥ ስለተያዘ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ የሚገባው አሟሚው ነው፤ ትናንሾቹ ሞለኪውሎች በሰንሰለቶቹ መሃል እየሰረጉ ፕላስቲኩን ያሳብጡታል፣ ያለሰልሱታል። ሰንሰለቶቹ ከጥልፍልፋቸው ተላቀው ወደ ፈሳሹ የሚወጡት ካበጡ በኋላ ነው፣ ያውም መውጣት የሚችሉ ከሆነ።

በስኳር የለመደ ሰው የፖሊመር ዱቄት በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ሲያፈስ የሚገጥመው ችግርም ከዚሁ የመጣ ነው። የእያንዳንዱ ጉብታ የውጭ ገጽ ወዲያው አብጦ የሚያዳልጥ ቆዳ ይሠራል፣ ቆዳው ውሃውን ያግዳል፣ ጉብታው ከሰዓታት በኋላ ሲፈረከስ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ አጥብቆ ማማሰል ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ዱቄቱን መጀመሪያ በማያሟሟው ሁኔታ መበተን ነው። ለምሳሌ ፖሊቪናይል አልኮልን በቀዝቃዛ ውሃ በትነው ቀስ በቀስ ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ያሞቁታል። ሜቲል ሴሉሎስን ደግሞ በተቃራኒው በሙቅ ውሃ በትነው ያቀዘቅዙታል፤ የሚሟሟው ሲቀዘቅዝ ነውና። የሟሟው ሜቲል ሴሉሎስ መልሶ ሲሞቅ እንደ ጄል ይረጋል።

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ «ሙቀት ከተጨመረ ሁሉም ይሟሟል» የሚለውን ብቻውን ይጥለዋል፤ ግን ብቸኛው ምሳሌ አይደለም። ፖሊኤንአይሶፕሮፒልአክሪላማይድ የሚባለው ፖሊመር በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል፤ ውሃው ከ32 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ከውሃው ተለይቶ ነጭ ደመና ይሆናል። ለሕክምና ምርምር የተፈለገውም ይህ የሙቀት መጠን ከሰው አካል ሙቀት ጋር በመቀራረቡ ነው። በእርግጥ ሙቀት የሚረዳበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሳይክሎሄክሴን ረጅም ሰንሰለት ያለውን ፖሊስታይሪን ከ34 ዲግሪ ገደማ በላይ ያሟሟዋል፣ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ፈሳሹ ይደፈርሳል። ጸሐፊው የዚህ ዓይነቱን ምሳሌ አይተው ከሆነ የተናገሩት መሠረት አለው። ስህተቱ ለሁሉም ማዋላቸው ነው።

«በቂ ጊዜ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የውበት ሳሎን ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ከኬሚስት በተሻለ ያውቃል። ተራው የጥፍር ቀለም በዋናነት ናይትሮሴሉሎስ ስለሆነ አሴቶን በነካው ጥጥ አንዴ ሲጠረግ ይለቃል፤ ሟሟ ማለት ነው። በመብራት የደረቀው ጄል ግን ጣቱ አሴቶን በጠጣ ጥጥና በፎይል ተጠቅልሎ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላም ተሸብሽቦና ተነቃቅሎ ይገኛል እንጂ አይጠፋም፤ በእንጨት ተገፍቶ ነው የሚነሳው። ምክንያቱም መብራቱ ሰንሰለቶቹን እርስ በእርሳቸው በኬሚካላዊ ድልድይ አገናኝቶ አንድ መረብ ስላደረጋቸው ነው። መረቡ አሴቶን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከጥፍሩ ይላቀቃል፤ ሊሟሟ ግን አይችልም፤ ለመሟሟት ተለይቶ የሚወጣ ሰንሰለት ያስፈልጋላ። ጎማም እንደዚሁ ነው። ጫማ ሰሪው የሚቀባው ማስቲሽ በአሟሚ የሟሟ የጎማ ዓይነት ሲሆን፣ ቻርለስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ባገኘው ዘዴ በድኝ የተሳሰረው የመኪና ጎማ ግን ቤንዚን ውስጥ አንድ ዓመት ቢነከር ያብጣል እንጂ ቤንዚን አይሆንም። እዚህ ላይ ጊዜ የሚለውጠው ነገር የለም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም የሚያከራክር ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። «ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል» የሚለው አባባል ለብዙ ፈሳሾች ጥሩ መነሻ ነው፤ አሜሪካዊው ኬሚስት ጆኤል ሂልደብራንድም ይህን በቁጥር የሚገልጽ የመሟሟት መለኪያ ሰጥቶናል። ቁጥራቸው የሚቀራረብ ነገሮች ይሟሟሉ ተብሎ ይጠበቃል። በዚህ መለኪያ ፖሊስታይሪን 18.5 አካባቢ፣ ቶሉይን 18.2፣ ሄክሴን 14.9 ይይዛሉ፤ እውነትም ቶሉይን ፖሊስታይሪንን ያሟሟል፣ ሄክሴን አያሟሟም። ልብ ይበሉ፣ ሄክሴንም ፖሊስታይሪንም የነዳጅ ዘር ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊው «ፕላስቲክ ከነዳጅ ስለሚሠራ በነዳጅ ይሟሟል» ያሉት ገና ከመጀመሪያው ምሳሌ ላይ ይወድቃል። አሴቶን ደግሞ 20 ገደማ ነው፤ በቁጥር ከሄክሴን ይልቅ ለፖሊስታይሪን የቀረበ ሆኖ ሳለ ከላይ እንዳየነው በወጉ አያሟሟውም። ኬሚስቱ ቻርለስ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን አንድ ቁጥር በሦስት የከፈለው የዚህ ዓይነት ልዩነቶች ስላስቸገሩ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን የሰንሰለቱ ርዝመት ነው፤ «ተመሳሳይ» የሚለው አባባል ስለ ርዝመት ምንም አይናገርም። ሻማንና የዘይት ጀሪካንን እንውሰድ። የሻማው ፓራፊን ከሃያ እስከ አርባ ገደማ ካርቦኖች በተርታ የተቀጠሉበት ሲሆን፣ ጀሪካኑ የተሠራበት ፖሊኢትሊን ያው የካርቦንና የሃይድሮጅን ተርታ በሺዎች ወደሚቆጠሩ ካርቦኖች ረዝሞ ነው። በኬሚካላዊ ይዘት ከእነዚህ ሁለቱ የበለጠ ተመሳሳይ ማግኘት ይከብዳል። የተፋቀ ሻማ ቤንዚን ውስጥ ይሟሟል፤ ጀሪካኑ ግን ያንኑ ቤንዚን ይዞ ይቀመጣል። አንደኛው ምክንያት የፖሊኢትሊን ሰንሰለቶች ተደርድረው ክሪስታል መሥራታቸው ነው፤ ይህ ክሪስታል ለመፍረስ ከመቶ ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ይጠይቃል። ስለዚህም ፖሊኢትሊንን ለመመርመር የሚፈልጉ ላቦራቶሪዎች እንደ ትራይክሎሮቤንዚን ባለ አሟሚ ውስጥ ከ135 እስከ 160 ዲግሪ እያሞቁ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ክሪስታል ለማይሠሩ ፖሊመሮችም ይሠራል። ሁለት የትናንሽ ሞለኪውል ፈሳሾች ሲደባለቁ እያንዳንዱ ሞለኪውል በየፊናው መበተን ስለሚችል ኢንትሮፒው (የመበታተኑ መጠን) በብዙ ይጨምራል፤ ይህ ጭማሪ መጠነኛ አለመጣጣምን ያሸንፋል። የሰንሰለቱ ክፍሎች ግን የታሰሩ ስለሆኑ በየፊናቸው መበተን አይችሉም፤ ከመደባለቅ የሚያገኙት ጥቅም በጣም ትንሽ ነው። ኬሚስቶቹ ፖል ፍሎሪና ሞሪስ ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 ይህን እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው አስሉት። በስሌታቸው ካይ የሚባለው ቁጥር በአሟሚውና በሰንሰለቱ ክፍል መካከል ያለውን አለመጣጣም ይለካል። ተመጣጣኝ መጠን ያላቸው ሁለት ትናንሽ ፈሳሾች ካይ እስከ 2 ቢደርስ እንኳ በማንኛውም መጠን ይደባለቃሉ። ሰንሰለቱ 100 ክፍል ሲኖረው ገደቡ ወደ 0.6 ይወርዳል፤ 10,000 ክፍል ሲኖረው 0.51 ነው። እንግዲህ የአሟሚው ባሕርይ ሳይለወጥ፣ የፕላስቲኩም ኬሚስትሪ ሳይለወጥ፣ ሰንሰለቱ በመርዘሙ ብቻ የሚሟሟው የማይሟሟ ይሆናል። ከ«ተመሳሳይ ተመሳሳዩን» ተነስቶ ይህን ማግኘት አይቻልም።

ሌላም አለ። ጥጥ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ግሉኮስ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል፤ የጥጥ ነጠላ ግን በየሳምንቱ ይታጠባል። ተልባ በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚለቀው የሚዝለገለግ ፈሳሽም ከስኳር ክፍሎች የተሠራ ፖሊመር ነው፤ እሱ ይሟሟል። ሁለቱም ውሃ ወዳድ ናቸው። የጥጡ ሰንሰለቶች ግን ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ጎን ለጎን ተሰልፈው በሃይድሮጅን ትስስር ይጣበቃሉ፤ የተልባው ሰንሰለቶች ቅርንጫፍ የበዛባቸውና ያልተስተካከሉ ስለሆኑ እንዲያ መሰለፍ አይችሉም። በሌላ በኩል የማያሟሙ ወይም በወጉ የማያሟሙ ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚያሟሙበት ጊዜ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶ አንሺዎች መስተዋት ላይ ያፈሱት የነበረው ኮሎዲዮን ናይትሮሴሉሎስ በአልኮልና በኢተር ድብልቅ የሟሟበት ነበር፤ ለዚያ ሥራ የሚውለውን ናይትሮሴሉሎስ ኢተር ብቻውን አያሟሟውም፣ አልኮልም ብቻውን በወጉ አያሟሟውም።

አራተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። ፎምን በአሟሚ አኮማትሮ ማጓጓዝ የማይረባ ሐሳብ አይደለም፤ ከብርቱካን ልጣጭ በሚገኘው ሊሞኒን ፎም እየሟሟ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለበት አሠራር በጃፓን ተሞክሯል። በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም ያዳበረው ክሪያሶልቭ የተባለው ዘዴም አለ። እነዚህ ሁሉ ግን አሟሚውን መልሰው የሚሰበስቡ ዝግ ፋብሪካዎች ናቸው። ቤት ውስጥ የሚሠራው ግን አንድ ኪሎ ደረቅ ቆሻሻን ብዙ ኪሎ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ቆሻሻ ያደርጋል። ያ ፈሳሽ ወደ ፍሳሽ ቱቦ ቢደፋ አሴቶኑ ከውሃው ጋር ይደባለቅና ፕላስቲኩ ወዲያው ነጭ እርጎ መስሎ ተመልሶ ቱቦውን ይደፍናል። ፋብሪካም ቢሆን አሟሚ የማይፈታው ችግር ይገጥመዋል። በጣሊያን ፌራራ ከተማ ፒቪሲ የተባለውን ፕላስቲክ እያሟሟ ይመልስ የነበረው ቪኒሉፕ የተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ተከፍቶ በ2018 የተዘጋው፣ ከፒቪሲው ጋር አብረው የሚሟሙትንና በአውሮፓ ሕግ የተከለከሉትን ማለስለሻ ኬሚካሎች በሚያዋጣ ዋጋ መለየት ስላልቻለ ነው።

በመጨረሻ ወደ ዕቃው እንምጣ። «ካልሟሟ አልነካውም» የሚለው፣ ከላይ ስለ ማበጥ የተባለውን ሁሉ ይዘነጋል። በማይነካና በሚሟሟ መካከል ሰፊ መስክ አለ። ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን የተቀመጠበት ፖሊኢትሊን ጀሪካን አይሟሟም፤ ነገር ግን የጀሪካኑ ግድግዳ ፈሳሹን ይጠጣል። በሳሙና ስንት ጊዜ ቢታጠብ ሽታው የማይለቀው ለዚህ ነው፤ ሳሙናው የሚደርሰው ገጹ ላይ ብቻ ነው፣ ነዳጁ ግን ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። የገባውም ቀስ በቀስ በኋላ ወደሚቀዳው ውሃ ወይም ዘይት ይወጣል። የመኪና ፋብሪካዎች ከፖሊኢትሊን የሚሠሩትን የነዳጅ ጋን ውስጡን በፍሎሪን የሚያክሙት ወይም በመሃል ነዳጅ የማያሳልፍ ሌላ ፖሊመር የሚደርቡበት ቤንዚኑ ባልሟሟው ግድግዳ በኩል እየሰረገ ስለሚወጣ ነው።

ሌሎች ጉዳቶችም አሉ። ለስላሳ የፒቪሲ ቱቦ ቤንዚን ሲያልፍበት ማለስለሻው እየታጠበ ስለሚሄድ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት አሴቶን ሲነካው ነጥቶ ይሰነጣጠቃል። ፖሊኢትሊን ራሱ በውጥረት ላይ ሳለ ፈጽሞ በማያሟሟው የሳሙና ውሃ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ አምራቾቹም ጥራቱን በዚሁ ዘዴ ይፈትኑታል። ስለዚህ ዕቃው ቅርጹን መያዙ ስለ ውስጡ ብዙ አይናገርም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የማረም ፈቃድ ካላቸው ሌላውን በጊዜው ሊያስተካክሉት ይችላሉ፤ ይህ አምስተኛው አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ቢወጣ መልካም ነው። ነዳጅ፣ ቲነር ወይም ፀረ ተባይ የተቀመጠበት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ የሚጠጣ ውሃም ሆነ የምግብ ዘይት ሊቀዳበት አይገባም።